ለወገቤ ስፖርት ስመርጥ

ጎንበስ ማለትን እግዜር ለሁሉም ሰጥቷል፤ ቀና ማለትን ግን ከአንዳንዶቻችን መልሶ ይወስዳል። ከእኔ የወሰደው በፋሲካ ሰሞን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አንድ ዳኛ ሱሪ ሊያሰፉ መጥተው ስለካቸው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። እኔ ሚዛን ተፈሪ በምትባለው ከተማ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ኖሬአለሁ። «ቀኑን ሙሉ እግርሽን ስታንቀሳቅሺ እየዋልሽ እንዴት ወፈርሽ?» የሚሉኝ አሉ። መርገጥ የሚያከሳ ቢሆን ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ ክር ሆኜ በራሴ መርፌ ቀዳዳ ባለፍኩ ነበር። ይልቅስ ሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ ኪሎ የጨመርኩ ክርስቲያን ነኝ። የጾም ምግብ አያወፍርም የሚል ሰው የእኔን ሽሮ ቀምሶ አያውቅም። አንድ ቀን ማንም በሌለበት ወገቤን በሜትር ዞርኩት። ሜትሩ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ዞሮ ሲያበቃ ለማሰር እንኳ የማትበቃ አንዲት ስንዝር ተረፈችኝ። ለደንበኛ ዕድሜውን ሙሉ እውነት ሲናገር የኖረ ሜትር እኔ ላይ ሲደርስ ዋሸ ብዬ አዲስ ገዛሁ። አዲሱም ዋሸ።

ታዲያ ዳኛው መጡ። ግዙፍ፣ የተከበሩ፣ ሳቅ የማይወዱ ሰው ናቸው። ወገባቸውን ለካሁ፤ ጭናቸውን ለካሁ፤ ርዝመቱን ልይ ብዬ ወደ ቁርጭምጭሚታቸው ጎንበስ ስል፣ ከወገቤ ላይ ክር የሚበጠስ ዓይነት ድምፅ ተሰማኝ። ቀና ልበል ብል እምቢ። ወደ ጎን ብል እምቢ። ተደፍቼ እንዳልቀር የዳኛውን ሁለት እግር እቅፍ አድርጌ ያዝኩና «እግዚኦ! ማረኝ!» ብዬ ጮኽኩ። የጮኽኩት ወደ ላይ ነበር። መንገደኛው ግን ወደ ዳኛው መሰለው።

የሱቄ በር ባንድ ጊዜ በሰው ተሞላ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ፊት መጡ።

«ጌታዬ፣ ሴት ልጅ እግር ሥር ወድቃ እንዴት ዝም ይባላል? ፍርዱን ያቅልሉላት።»

«ምንም ፍርድ የለም!» አሉ ዳኛው ፊታቸው ተለዋውጦ። «ሱሪ ነው!»

«ሱሪም ቢሆን ጌታዬ፣ ይማሯት።»

በመጨረሻ አራት ሰው ሆነው እንደተጣጠፍኩ አንስተው የካውያ ጠረጴዛዬ ላይ በጎኔ አስተኙኝ። ዳኛው የዚያን ሱሪ ነገር ዳግመኛ አላነሱትም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለኝ ጤና መኮንን ቀጭን፣ ገና ፂሙ ያልጠና ወጣት ነው። «እናቴ» አለኝ፤ በዚህም ሌላ ቦታ ታመምኩ። እግሬን አነሳ፣ አወረደ፣ በመዶሻ ነካ ነካ አደረገ። እግሬ ይደነዝዝ እንደሆነ፣ ሽንት ያስቸግረኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለሁሉም «የለም» አልኩ። ሚዛን ላይ አውጥቶ መቶ አራት ኪሎ ብሎ ሲጽፍ «ጫማዬን አላወለቅኩም» አልኩት። የቆምኩት ባዶ እግሬን ነበር።

«አጥንትዎ ደህና ነው። የደከመው የወገብዎ ጡንቻ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል» አለኝ። «ለጊዜው ማስታገሻ እሰጥዎታለሁ። መድኃኒቱ ግን እንቅስቃሴ ነው።»

«ልሩጥ?»

«እንዳይሮጡ! መሮጥ የለም፣ መዝለል የለም፣ ተጎንብሶ ከባድ ነገር ማንሳት የለም። ተኝቶ መዋልም የለም። ቀላል ነገር ይምረጡ። ዋና፣ ብስክሌት፣ የእግር ጉዞ። የቻሉትን፣ ቀስ ብለው፣ ሳያቋርጡ።»

ይምረጡ አለኝ፤ እኔም ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው ሦስቱን በሐሳቤ እየዳበስኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ባለቤቴ ተስፋዬ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም፤ ደግነቱ ግን አንዳንዴ ከክፋት ይብሳል። ያን ዕለት ማታ ወገቤን በፎጣ እያሞቀልኝ «አስቤበት ነበር» አለኝ። «የስፌት መኪናውን ብንሸጠው ምን ይመስልሻል? ደሞዜ ይበቃናል። አንቺም ታርፊያለሽ።»

ደነገጥኩ። በዚያች መኪና ሁለት ልጅ አስተምሬ ድሬአለሁ። ነሐሴ ሲገባ የከተማው ተማሪ ግማሹ ዩኒፎርም ለብሶ የሚወጣው ከእኔ እጅ ነው። በመስከረም የመጀመሪያው ሰኞ በሬ ላይ ቆሜ ሰልፍ ይዘው ሲያልፉ ሳይ፣ ይኼ ኮሌታ የእኔ ነው፣ ያ ኪስ የእኔ ነው እላለሁ። እሷን ሸጬ እንግዲህ በሬ ላይ ቆሜ የማንን ኮሌታ ልቆጥር ነው?

«ነሐሴ ድረስ ጊዜ ስጠኝ» አልኩት። «ነሐሴ ገብቶ መቀመጥ ካቃተኝ፣ ራሴ ገዢ እፈልግላታለሁ።»

ቃሌ ነው። ስወፍር ወፈርኩ እንጂ ቃሌን አጥፌ አላውቅም።

ዋናን ወዲያው ሰረዝኩት። በእኛ አገር ውሃ ሞልቷል፤ ወንዙ ላይ ግን የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ እናቱ እንደወለደችው ነው የሚዋኘው። ደግሞስ ምን ለብሼ? የዋና ልብስ ሰፍቼ አላውቅም። ለሌላ ሰው ሁለት ጉርድ የሚወጣው ጨርቅ ለእኔ ለአንድ ላይበቃ ይችላል፤ በቅቶ ብለብሰውስ ማን ዓይኑን ይጨፍንልኛል?

ስለዚህ በእግር ጉዞ ጀመርኩ። ማታ ሸራ ጫማዬን አልጋ ሥር አዘጋጅቼ፣ ንጋት ላይ ብርዱን ልከላከል ብዬ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ቀስ ብለሽ የተባልኩትን ረስቼ፣ ወኔዬ ስለ ቀደመኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ፈጠን ፈጠን እላለሁ። ባጃጅ ወደ ከተማችን ገና የገባ ሰሞን ነበርና አንዱ ባለ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ።

«እትዬ፣ ግቢ ላድርስሽ።»

«ለስፖርት ነው።»

«ስፖርት የት ሰፈር ነው?»

ገላግሎኝ ሄደ። ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ኮቴው በዛ። ዞሬ ባይ ሰባት ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ተከትሎኛል! ከፊት ያለችው ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘነበች ናት፤ ማን እንደሞተ እንኳ ሳታውቅ ግማሹን እንባ አውጥታለች።

«ምነው ቆምሽ? ቤቱ ይኼ ነው?» አለችኝ እየተንሰቀሰቀች።

«የምን ቤት?»

«የሟቹ ነዋ!»

«ኧረ ማንም አልሞተም!»

«ታዲያ አንቺ በዚህ ንጋት ምን አስኬደሽ?»

«እንዲሁ ነው የምሄደው። ሄጄ እመለሳለሁ።»

ሰባቱም እርስ በርስ ተያዩ። ወይዘሮ ዘነበች እንባዋን ጠረገችና፣ ከሐዘኑ ይልቅ የከፋ ነገር እንዳየች ሁሉ እጄን ይዛ «ከተስፋዬ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሌ ሊያስታርቁን ቤት መጡ። በማግስቱም፣ በሠልስቱም ወጣሁ፤ ግን አሥር እርምጃ ሳልሄድ አንዱ ያስቆመኛል፣ ሌላው ቁርስ ግቢ ይለኛል። አልገባም ብል «ተቀይማናለች» ይባላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመክሳት ወጥቼ አንድ ኪሎ ጨመርኩ።

«ብስክሌት ቀረን» አለ ተስፋዬ። እሱ ያስተማሪነት ዘመኑን በሙሉ ከግድግዳ ጋር የተደገፈች አሮጌ ብስክሌት አለችው። «ከገበያው አጠገብ ያለችው መንገድ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ናት። እኔ ከኋላ እይዝሻለሁ።»

ሚዛን ተፈሪ ላይ ሜዳ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ጠረጴዛ ካለውም አንድ እግሩ አጭር ነው። ቢሆንም ቃል ገብቼአለሁና፣ ገበያ ቀን መሆኑን ሁለታችንም ዘንግተን፣ በጠዋት ወጣን። ከቀሚሴ ሥር የተስፋዬን ሱሪ ታጠቅሁ፤ ኮርቻው ላይ ወጣሁ፤ ኮርቻው አንዴ «እህ!» አለና ዝም አለ።

«ይዘኸኛል?»

«ይዤሻለሁ!»

ትንሽ ሄድን። ደስ ይላል። ነፋሱ ፊቴን ይዳብሰኛል።

«ይዘኸኛል?»

«ይዤሻለሁ!» ድምፁ ግን ራቅ ብሎ መጣ።

«ተስፋዬ! ፍሬኑ የቱ ነው?»

መልሱን አልሰማሁትም። ብስክሌቷ ቁልቁለቱን ይዛ በራሷ ፈቃድ ወደ ገበያው ገባች። ሰው ግራና ቀኝ ይሸሻል። በእውነቱ ፍጥነቴ የአህያ ሶምሶማ ያህል ነበር፤ ግን የሚመጣው ነገር ስፋቱ ነው የሚያስፈራው። ሽንኩርቱን አለፍኩ፤ ኮረሪማውን አለፍኩ፤ ጎደሬ ከሚሸጥበት ጋ ስደርስ የተቆለለ የኮባ ቅጠል አየሁና፣ ከመሞት መውደቅ ይሻላል ብዬ መሪውን ወደዚያው አዞርኩ። ቅጠሉ ላይ እንደ ፍራሽ ተንጋለልኩ። አጠገቡ የነበረው የጎደሬ ክምር ግን እንደ ኳስ በየአቅጣጫው ተበተነ።

ከላዬ አንዲት ሴትዮ ቆመው ያዩኛል። ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጀርባቸው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጉልበታቸውን አጥፈው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ተሰበርሽ?»

«እኔ እንጃ።»

«ጣትሽን አንቀሳቅሺ። እግርሽን። ደህና ነሽ። በይ በወገብሽ አትነሺ። ወደ ጎን ዙሪ፣ ተንበርከኪ፣ ከዚያ በጉልበትሽ።»

እንዳሉት አደረግኩ፤ ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጮህ ከመሬት ተነሳሁ። ተስፋዬ ላቡን እያንጠባጠበ ደረሰ፤ ሁለታችን ከየሰው እግር ሥር ጎደሬውን ስንለቅም ረፈደ። ሴትዮዋ እማማ አበበች ይባላሉ፤ የቤንች ሴት ናቸው። ከወንዙ ማዶ ካለ መንደር በሳምንት ሁለቴ ጎደሬ በጀርባቸው ተሸክመው ገበያ ይመጣሉ፤ ያውም በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል። ይህን ስሰማ ጀርባቸውን ደግሜ አየሁት።

ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲበተን ይሉኝታ ያዘኝና ልሸኛቸው ተነሳሁ። ጨውና ሳሙና የያዘውን ዘንቢል ልቀበላቸው ብል እጄን መለሱት።

«ወገቤን ያመኛል እያልሽ ዘንቢል? ራስሽን ተሸክመሽ ነይ። እሱም ይበቃል።»

ሳቅን። እኔ እንደ ልማዴ ፈጠን ማለት ስጀምር ክንዴን ያዙኝ።

«ማን ያሯሩጥሻል?»

«ቶሎ እንድንደርስ ብዬ ነው።»

«ቤቴ አይሸሽም። እዚያው ነው።»

የዚያን ቀን ከተማው ጫፍ እስካለው ዋርካ ሸኝቻቸው ተመለስኩ። በመንገድ ያየኝ ሁሉ «የት ነው?» ሲለኝ «እማማን ልሸኝ ነው» እላለሁ፤ «ጎሽ፣ አበጀሽ!» ብሎኝ ያልፋል። ማንም አልተከተለኝም፤ ማንም ቤት ግቢ አላለኝም፤ ሽማግሌም አልመጣም። ያኔ ነው የገባኝ። አገሩ ስፖርት አይገባውም፤ ሽኝት ግን ይገባዋል። ማታ ለተስፋዬ «መርጫለሁ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሽኝትን።»

ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን እማማ አበበችን እሸኛለሁ፤ ገበያ በሌለበት ቀን ያንኑ መንገድ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ «ሰው ሸኝቼ መመለሴ ነው» እላለሁ። ስሄድም ያው ነው የምለው። ግንቦትን ዋርካው ድረስ ጨረስኩት። ሰኔ ላይ ዋርካውን አልፌ ባህር ዛፎቹ ጋ ደረስኩ። ዝናቡ ገባ፤ ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ አስቀርቶብኛል፤ አንድ ቀን ጃንጥላዬ ተገልብጦ እንደ ሳፋ ይዤው ተመልሻለሁ። «ዛሬስ ይቅርብሽ» ይለኛል ተስፋዬ በመስኮት እያየ። ነሐሴን እያሰብኩ እወጣለሁ። ወገቤ የሚብስበት ቀን ነበር፤ ያኔ አጠር አድርጌ እመለሳለሁ እንጂ አልቀርም። ጨርቅ ሳነሳም እንደ እማማ አበበች ጉልበቴን ማጠፍ ለመድኩ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ጤና መኮንኑ ሲመዝነኝ እሱ መጀመሪያ ከጻፈው አራት ኪሎ ቀንሻለሁ። «በጣም ጥሩ ነው» ሲለኝ መቶ ቁጥር ላይ የቆምኩ እኔ ቀጭን የሆንኩ ያህል ወደ ጎን ሳልዞር በበሩ ወጣሁ።

ሐምሌ ማለቂያ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጎደሬያቸው በጠዋቱ ተሸጦ አልቆ ነበርና በረፋዱ ወንዙ ድረስ ሸኘኋቸው። ከዚያ በፊት እዚያ ደርሼ አላውቅም። ሰማዩ ጠርቷል። የእንጨት ድልድዩ ላይ እማማ አበበች ቆም ብለው «በይ ተመለሺ» ሲሉኝ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ዛሬስ ቤትዎን ሳላይ አልመለስም» አልኳቸው።

ዐቀበቱ አፈር ድሜ አበላኝ። አምስት ጊዜ ተቀመጥኩ። አንዴ ከተቀመጥኩበት ድንጋይ ጋር ሁለታችንም ለመላቀቅ ተቸገርን። እማማ አበበች ግን አንድም ጊዜ «ደከመሽ?» ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔ ስቆም ቆመው ዛፍ ያያሉ፣ ስነሳ ይነሳሉ። ደረስን። ሽማግሌው ባለቤታቸው ከደጃፉ ብድግ ብለው ወደ ኋላዬ አሻግረው አዩ።

«መኪናው የት ቆመ?»

«በእግሯ ነው የመጣችው» አሉ እማማ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ሽማግሌው መልሰው አዩኝ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ትልቁን፣ ጠንካራውን በርጩማ ራሳቸው አመጡልኝ። እንዲህ ያለ ክብር ተሰምቶኝ አያውቅም። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ቀረበልኝ፤ አንድ ብቻ በላሁ። አንድ ብቻ! ምስክር አለኝ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሸንተረሩ፣ ጫካው፣ ከሩቅ የሚዛን ቆርቆሮ ጣራ ሲያብረቀርቅ። እንዴት ያምራል እያልኩ ሳደንቅ አንድ ነገር ከነፍሴ ጋር ተጋጨ። ያ ከሩቅ የሚያብረቀርቀው የእኔ ቤት ነው። እኔ ለመምጣቱ ብቻ ነበር የቆረጥኩት። መመለስ የሚባል ነገር ጨርሶ አላሰብኩም!

የጎረቤታቸው ሰው ሞተር አለው፤ ላድርስሽ አለኝ። ያንን የድንጋይ መንገድ በሞተር ብወርደው ወገቤ የት የት እንደሚበተን አሰብኩና «እግዜር ይስጥልኝ፣ በእግሬ ነው» አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ እግሬ አላማከረውም።

ስነሳ እማማ አበበችም ነጠላቸውን አነሱ። «ልሸኝሽ።»

«ኧረ በጭራሽ! አሁን ገና መግባትዎ ነው!»

«እንግዳ ብቻውን አይወርድም።»

ወረድን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ «በቃ ይመለሱ» አልኳቸው። «ትንሽ ልሻገር» አሉ። ተሻገሩ። እኔ ደግሞ ስልሳን ያለፉ ሴት ያንን ዐቀበት ብቻቸውን ሊወጡ መሆኑ አሳዘነኝና «ድልድዩን እንኳ ላሻግርዎ» ብዬ አብሬ ተመለስኩ። ከተሻገርን በኋላ እሳቸው መልሰው ሊሸኙኝ ዞሩ። ድልድዩን ስድስት ጊዜ ሳንሻገረው አልቀረንም። በመጨረሻ መሐሉ ላይ ቆመን አንዳችን ሌላችንን አየንና ሳቅ ያዘን፤ ድልድዩ እስኪነቃነቅ ሳቅን። እማማ አበበች ትከሻዬን ይዘው ወደ ሚዛን አዞሩኝና በስሱ ገፋ አደረጉኝ።

«ሂጂ። ቀስ ብለሽ። ቤትሽ አይሸሽም።»

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ቤቴ ደጃፍ ደረስኩ። ተስፋዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ስልኬ ማዶ ላይ አይሠራም፤ ስንቴ እንደደወለ እግዜር ይወቀው። የት እንደነበርኩ ስነግረው አላመነኝም፤ ጫማዬን ሲያይ ግን አመነ። ወንበር ላይ አስቀምጦኝ ለብ ያለ ውሃና ጨው በሳፋ አመጣ፣ ተንበርክኮ ጫማዬን ፈታልኝ። እግሬ አብጧል። ተረከዜ ተልጧል። ጣቶቼ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅሬታ አላቸው። ውሃው ውስጥ ስነክራቸው አለቀስኩም ሳቅኩም።

ተስፋዬ እግሬን ሲያጥብ ድንገት እጁን አቆመና ቀና ብሎ አየኝ። ነሐሴ ሊገባ የቀረው ጥቂት ቀን ነው፤ ለመጠየቅ የፈራው ነገር እንዳለ ያስታውቃል።

«ወገብሽስ?» አለኝ።

ወገብ እንዳለኝ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።